ቦምብ ቢኖረን ኖሮ ላልከኝ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይኼን ያህል ጊዜ ዝም መባባላችን ግርም ይለኛል። ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ ይገባ ነበር። እንዲሁ ዝም ለተባባሉ ሰዎች ግን ሽማግሌ አይላክም።

በወረቀት የጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው። ቴሌግራም ላይ ብጽፍልህ በስቲከር ትገላገለኛለህ።

ጅማ ቡና ለቀማ ላይ ናት። መንገዱ እሸት ቡና በጫነ አይሱዙ ተጨናንቋል። ሂርማታ በባጃጅ አያላውስም። ሌላው ሁሉ እንደምታውቀው ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ግንቦት ህንድና ፓኪስታን ሚሳኤል ሲወራወሩ የላክልኝ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «አየህ፣ ሁለቱም ቦምብ ስላላቸው በአራት ቀን ቆመ። እኛም ቢኖረን ኖሮ ዝንባችንን እሽ የሚል አይኖርም ነበር» ብለሃል። መልሱ ረጅም ነው። ደግሞ አንተ ይህን የምትለው ቡና ቤት ተቀምጦ እንደሚፎክር ሰው አይደለም። ምሽግ ውስጥ የከረምክ ሰው ነህ። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስልህ ፈለግሁ።

ግንቦት 1990ን አስታውስ። ለማትሪክ እያጠናን ነበር። ግንቦት 3 ቀን ህንድ ራጃስታን በረሃ ውስጥ፣ ፖክራን በሚባል ቦታ የኒውክሌር ቦምብ አፈነዳች። በማግስቱ የእኛው ባድመ መጣ። ግንቦት 5 ህንድ ደገመች። ግንቦት 20፣ እዚህ በዓል ሲከበር፣ ፓኪስታን ባሉቺስታን ተራራ ሥር አምስት አፈነዳሁ አለች፤ በ22 አንድ ጨመረች። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ዜና ውስጥ ነው። እኛ ግን ጆሯችን ባድመ ላይ ስለነበር የህንዶቹን ነገር ማን ልብ ብሎት! አንተም በዓመቱ ዛላምበሳ ወረድክ።

እኔ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ነው ያን ወር መልሼ ያነበብኩት። ከዚህ በኋላ የውጭውን ዓመት እንደ ፈረንጅ ቁጠርልኝ። ህንድ በ1962 በቻይና ተሸነፈች። ቻይና በ1964 የመጀመሪያ ቦምቧን ሞከረች። ህንድ በ1974 «ለሰላም ነው» ብላ የራሷን አፈነዳች። ቦምቡ የተሠራበት ፕሉቶኒየም የተገኘው ደግሞ ካናዳ ለሰላማዊ ጥቅም ይሁን ብላ ከሰጠቻት ሪአክተር ነው። ፓኪስታን በ1971 ጦርነት ምሥራቃዊ ክፍሏን፣ የዛሬዋን ባንግላዴሽን፣ አጥታ ነበር። የፓኪስታኑ ፖለቲከኛ ዙልፊካር አሊ ቡቶ ከዚያም በፊት «ህንድ ከሠራች ሳር በልተንም ቢሆን እንሠራለን» ብለው ነበርና ሥልጣን ሲይዙ ሥራውን አስጀመሩ። አብዱል ቃድር ካን የሚባል መሐንዲስ ሆላንድ ከሚሠራበት ቦታ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ንድፍ ይዞ ተመለሰ። ይኸው ሰው ዕውቀቱን ለሊቢያ፣ ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ ማሻገሩን በ2004 በቴሌቪዥን ቀርቦ አመነ። አገሩ ውስጥ ግን እስኪሞት ጀግና ነበር።

ሁሉም «ያኛው ስላለው ነው» አለ። እኛ ብንሠራ ካይሮ እጇን አጣጥፋ ታየናለች?

ይሁንና ነገርህ ባዶ አይደለም። በ1999 የፓኪስታን ወታደሮች፣ ሁለቱ የሚወዛገቡበትን ካሽሚርን ለሁለት የሚከፍለውን የቁጥጥር መስመር ተሻግረው ካርጊል ተራሮች ላይ ሲሰፍሩ፣ ህንድ አየር ኃይሏን አዘመተች፤ መስመሩን እንዳታልፉ ብላ ግን አዘዘች። ቦምብ ባይኖር ያ ጥንቃቄ ይኖር ነበር? አይመስለኝም። ግን ካርጊል የተከፈተው ቦምቡ በተሞከረ በዓመቱ መሆኑን ልብ በል። ፈርቶ የተቀመጠ የለም። እንዲያውም «ትልቁን ጦርነት አይደፍሩም» ብሎ ትንሹን የደፈረ ነው የተገኘው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ተከተል። በ2008 ከፓኪስታን የተነሱ ታጣቂዎች የህንዷን ሙምባይ አጥቅተው 166 ሰው ሲገደል ህንድ አጸፋ አልመታችም። በ2016 ወታደሮቼ መስመሩን ተሻግረው መቱ አለች። በ2019 አውሮፕላን ልካ ባላኮትን ደበደበች። ይህ እንግዲህ ካሽሚር አይደለም፣ ዋናው የፓኪስታን ግዛት ነው። በ2025 በህንድ ካሽሚር ፓሃልጋም ላይ 26 ሰው በታጣቂዎች ሲገደል ደግሞ የፓኪስታንን ፑንጃብ መታች፤ በመጨረሻም የፓኪስታን ጦር ጠቅላይ መምሪያ ባለበት በራዋልፒንዲ ያለውን የአየር ኃይል ሰፈር መታች። ፓኪስታንም በሚሳኤልና በድሮን መለሰች። በየጊዜው አንድ ደረጃ ይወጣሉ። የመጨረሻው ደረጃ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ህንድ «ኒውክሌር ቀድሜ አልተኩስም» ብላለች፤ ፓኪስታን እንዲህ ያለ ቃል አልገባችም። እንዲያውም የህንድ ታንክ ቢገባ የምትተኩሰው ብላ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ናስር የሚባል ሚሳኤል ሠርታለች። 60 ኪሎ ሜትር! የገባ ጦር ላይ ሲተኮስ የሚወድቀው በራሷ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል እኮ።

በአባ ጅፋር ዘመን የጊቤ ነገሥታት በግዛቶቻቸው መሃል ሞጋ ይተዉ እንደነበር ታውቃለህ። ሰው የማይሰፍርበት፣ በኬላ ብቻ የሚታለፍ ባዶ መሬት። ጠላት ሲመጣ ይታያል፤ ለመዘጋጀትም ሆነ መልእክተኛ ለመላክ ጊዜ አለ። ዴልሂና ኢስላማባድ ሞጋ የላቸውም። ሚሳኤል በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ለዚያች ደቂቃ ነው እንግዲህ ሁሉም ነገር የተተወው። መጋቢት 2022 ላይ ህንድ በስህተት ብራሞስ የሚባለውን ሚሳኤል ወደ ፓኪስታን ተኩሳለች። በስህተት ነው የምልህ! ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቆ ሚያን ቻኑ የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ። ፈንጂ አልነበረበትም፣ ሰውም አልሞተም። ህንድ ስህተቷን በይፋ ያመነችው በሁለተኛው ቀን ነው፤ በኋላ ሦስት መኮንኖች ተባረሩ። የተተኮሰው ባለፈው ግንቦት ቢሆን ኖሮስ?

እኛ ግቢ የሚኖር ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። አገሩ አምሪትሳር ነው፣ ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ከተማው መብራት እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር። እናቱን በቪዲዮ ይደውልላቸዋል፤ ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው፣ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። የእኛም መብራት እንደ ልማዱ ሄዶ ስለነበር እሱም አይታያቸውም። ባለቤቴ ቡና እየቀዳች «ምን ይላሉ?» አለችው። «ዱቄትና ዘይት ገዝቻለሁ፣ አታስብ ይላሉ» አላት። በኋላ ስለ ቦምቡ ጠየቅኩት። በ1998 ልጅ ነበር። ሰፈሩ በደስታ ጨፍሮ ጣፋጭ ታድሎ እንደነበር ያስታውሳል። ይህን ሲነግረኝ ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም። ሌሊቱን ሙሉም የተኛ አይመስለኝም።

በስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም ግምት መሠረት በ2025 መጀመሪያ ህንድ ወደ 180፣ ፓኪስታን ወደ 170 የኒውክሌር አረር ነበራቸው። ያ ሁሉ አረር ለሴትየዋ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አልገዛላቸውም።

ታዲያ በአራት ቀን ያስቆመው ምንድን ነው ትለኝ ይሆናል። አንዱ ፍርሃት ነው፣ አልክድህም። ግን ፍርሃት ብቻውን ስልክ አያነሳም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የፓኪስታን ጦር የዘመቻ ኃላፊ ለህንዱ አቻው ደውሎ ነው የተስማሙት። ትራምፕ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ ይላሉ፤ ህንዶቹ አይደሉም ይላሉ። እሱን ለእነሱ እንተውላቸው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በ1988 የፈረሙት ስምምነት አለ፤ አንዱ የሌላውን የኒውክሌር ተቋም ላይመታ። በዚያ መሠረት ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን የተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። «ቦታው እዚህና እዚህ ነው፣ እንዳትመታብኝ» እንደማለት ነው። በካርጊል ዓመትም፣ ከሙምባይ በኋላም አላቋረጡም። አንዱ ባለሥልጣን ፖስታ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አለቀ። ጋዜጣ ላይ ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን ከሚሳኤሉ ሰልፍ ይልቅ ያቺን ፖስታ አምናታለሁ።

የሚያሰጋኝም እንዲህ ያለው ወረቀት እያለቀ መምጣቱ ነው። ሁለቱ ውሃ የሚካፈሉበት የኢንደስ ወንዝ ውል በ1960 ተፈርሞ ሦስት ጦርነት አልፏል። ባለፈው ሚያዝያ ህንድ አግጀዋለሁ አለች። የወንዝ ነገር ምን እንደሚመስል ለአንተ አላስረዳህም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ድሮ አንድ ጊዜ «ጣሊያን የመርዝ ጋዝ የረጨብን እኛ ስላልነበረን ነው» ብለኸኝ ነበር። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። ጣሊያን በ1925 ጄኔቫ ላይ በጋዝ አልጠቀምም ብላ ፈርማ በ1935 እና 36 በአውሮፕላን አዘነበችብን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ጋዝ የነበራቸው የአውሮፓ ኃያላን ጦር ሜዳ ላይ እርስ በርሳቸው አልተረጫጩም። በዚህ በኩል እውነት አለህ። ወረቀት ብቻውን እንዳላዳነን አባቶቻችን በቆዳቸው አይተውታል።

ታዲያ ያን ያዩት ሰዎች በሥልጣን ላይ ሳሉ ምን አደረጉ? በ1961 ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ለተባበሩት መንግሥታት አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች፤ ቁጥሩ 1653 ነው። በኒውክሌር መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል። 55 አገር ደገፈው፣ 20 ተቃወመው፣ 26 ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። አሜሪካና እንግሊዝ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። «ምን ፈየደ?» ትላለህ። ቦምብ አልቀነሰም፣ ልክ ነህ። እኔ ግን ጋዙ የወረደበት ሕዝብ «ለእኔም ይሰጠኝ» ሳይሆን «ለማንም አይሁን» ማለቱን እንደ የዋህነት አላየውም። ደቡብ አፍሪካም ስድስት ቦምብ ሠርታ ራሷ ፈታታዋለች። ፕሬዚዳንቷ ደ ክለርክ በ1993 ለፓርላማ ሲናገሩ ነው ዓለም በይፋ የሰማው። «አረሯን አስረክባ ተወረረች» ብለህ ዩክሬንን እንደምትጠቅስብኝ አውቃለሁ። የተዉት አረር ቁልፉ ሞስኮ እጅ ነበር፤ ቢሆንም እሱ ላይ ሙሉ መልስ የለኝም።

ለዛላምበሳ ግን አንተው መልስልኝ። ምሽጎቹ ተቃርበው፣ የአንዱ ሬዲዮ ለሌላው ይሰማ ነበር ብለኸኛል። ከኋላህ ቦምብ ቢኖር የት ይጣል ትል ነበር? ከፊትህ ያለው ምሽግ ላይ? አመዱ ዞሮ አዲግራት ይወርዳል። አሥመራ ላይ? አክስትህ እዚያ ነበሩ። ወይስ አይጣልም፣ ማስፈራሪያ ብቻ ነው? የማይጣል መሆኑን ካወቁ ደግሞ ማን ይፈራዋል? እነሱስ ቢኖራቸው?

አንድ ልጨምርና ልብቃ። እዚሁ አገር ውስጥ፣ በእኛው ሰው ላይ፣ በእነዚህ ዓመታት የተተኮሰውን ሁሉ አስብ። ያዘዙትንም አስብ። ከዚያ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጠው ስሙን ጠርተህ ጻፍልኝ።

ጥር ላይ ለሥራ አዲስ አበባ እመጣለሁ። አዳማ ለመውረድ አንድ ቀን አላጣም። ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ