የጤና አምዳችሁ ላይ ነርሷንም ፋርማሲስቱንም አናግሯቸው

ሰላም ለናንተ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጤና አምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም፣ ብዙ ነገርም ተምሬበታለሁ፣ ግን ሁሌ የምታናግሩት ዶክተር ብቻ ነው። ዶክተር ይከበር፣ የሱን ቦታ ማንም አይወስድበትም። ግን እኮ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከካርድ ክፍል እስከ መድሀኒት መስኮቱ ድረስ ስንት ባለሙያ አለ፣ እነሱን ስትጠይቋቸው አላየሁም። እኛ ታካሚዎቹም ያው ነን፣ ከነሱ ጋር ያለንን ጊዜ ዶክተሩ ጋ እስክንገባ እንደ ወረፋ ነው የምንቆጥረው።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ እናቴ ስኳርም ግፊትም ስላለባት ክትትሏን የምከታተልላት እኔ ስለሆንኩ ነው ይሄን የምጽፈው። የስኳር ህመም ሲቆይ እግር ላይ ስሜት ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ሰው ሳይታወቀው ቆስሎ ቁስሉ ሊባባስበት እንደሚችል የነገረችንና "እማማ እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ" ብላ ጣቶቿን አንድ ባንድ ያየቻት ነርሷ ናት። ኢንሱሊን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከተወጋ ከቆዳው ስር እብጠት እየሰራ መድሀኒቱ በደንብ እንዳይሰራ እንደሚያደርግም ያሳየችን እሷው ናት፣ ቦታ እያቀያየራችሁ ውጉ ብላ።

ግፊት ልኬትን ደግሞ እዩት። ሰው እየሮጠ ይገባል፣ ስልክ እያወራ እጁን ይዘረጋል፣ ነርሷ "ትንሽ አረፍ ይበሉ" ስትለው ይቆጣል። እሷ እኮ ልክ ናት፣ 5 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ሆኖ ነው የሚለካው፣ ሽንት ይዞም አይሆንም፣ ቡና ወይ ሲጋራ ከነበረም ግማሽ ሰአት ያህል ማለፍ አለበት። ዶክተሩ መድሀኒት ሲጨምር ሲቀንስ የሚያየው እሷ የጻፈችውን ቁጥር ስለሆነ እዛ ጋ ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይሳሳታል።

ላብራቶሪም እንደዛው ነው፣ በባዶ ሆድ ኑ ከተባለ በባዶ ሆድ ነው፣ "ትንሽ ነገር ነው የቀመስኩት" ብሎ ዝም ማለት የራስን ውጤት ማበላሸት ነው፣ ከቀመሳችሁ ንገሯቸው ሌላ ቀን ይቀጥሯችኋል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን የፋርማሲስቱ ነገር ነው። መድሀኒት አንስቶ የሚያቀብል ሰው ብቻ አድርገን ነው የምናየው፣ "ሌላ የሚወስዱት መድሀኒት አለ?" ሲለን "የለም የለም" ብለን ከረጢቱን ይዘን እንሄዳለን። ሰውየው እኮ የተማረው ይሄንኑ ነው! ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለጉልበቱ ህመም ብሎ አይቡፕሮፌን ወይ አስፒሪን ቢጨምርበት የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። ዶክሲሳይክሊን ወይ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድሀኒቶች የታዘዙለት ሰው ከአይረን ክኒን ወይ ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ባንዴ ከዋጠው ደግሞ ሰውነቱ መድሀኒቱን በደንብ አይወስደውም፣ ከዛ "መድሀኒቱ አልሰራልኝም" ይላል። ሁለት ቦታ የሚታከም ሰው አንዱ ሀኪም ሌላው ያዘዘውን ላያውቅ ይችላል፣ ሁለቱንም ወረቀት መጨረሻ ላይ የሚያየው ፋርማሲስቱ ሊሆን ይችላል፣ ካሳየነው ማለቴ ነው። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ከቤት የሚጠጣ ቅጠልም ቢሆን፣ ንገሩት።

አዋላጅ ነርሶችም ለምጥ ቀን ብቻ አይደሉም። እርጉዝ ሴት ከ20 ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የአይን ብዥታ ወይ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ካየች ቀጠሮዬ ይድረስ ሳትል ያኔውኑ ሄዳ መታየት አለባት፣ የእርግዝና ግፊት ሊሆን ይችላል፣ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። አዋላጇ በየክትትሉ ግፊቷንና ሽንቷን የምታየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ካርድ ክፍል ወይ ሪሴፕሽን ያሉትም "ምን ሆነው ነው?" ሲሉ ወሬ ፍለጋ አይደለም፣ ደረቱን የሚያመውና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጉንፋን ከያዘው ጋር እኩል ወረፋ መጠበቅ ስለሌለበት ነው። በርግጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ መጠየቅ ልክ አይደለም፣ ይሄን ክሊኒኮቹ ያስተካክሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ በ1978 ከአለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ እንኳን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የሀኪሞች፣ የነርሶች፣ የአዋላጆችና የማህበረሰብ ሰራተኞች የጋራ ስራ እንደሆነ ነው የሚለው። ታዲያ ታካሚው እንዴት ይወቀው? ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር እየተባለ ነው። ክሊኒኮች የእያንዳንዱን ሰራተኛ ሙያ ደረቱ ላይ በትልቁ ይጻፉ፣ ሰራተኞቹም ሲቀበሉን "እኔ ነርስ ነኝ፣ ይሄን ላደርግልህ ነው" ይበሉን። እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው የጤና አምዳችሁ አንድ ፋርማሲስት አቅርቡልን፣ ከሱ ቀጥሎ አዋላጅ ነርስ፣ ከዛ የላብራቶሪ ባለሙያ። ጥያቄ ከኛ ከአንባቢዎቹ ተቀበሉ፣ እኔ ለፋርማሲስቱ ያዘጋጀሁትን በሚቀጥለው ደብዳቤ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የዘወትር አንባቢ