ለበጀት ምክክር መተግበሪያ ሳይሆን የድምፅ መስመር

ለአዘጋጁ፣

የወሎ ከተሞች ነዋሪ በበጀት ቅድሚያ ላይ በስልኩ ድምፅ ይስጥ የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። በመተግበሪያ ይሁን መባሉን ግን አልቀበልም፤ ዘመናዊ ስልክና ዳታ የሌለውን ገና ከበሩ ይመልሳል።

አጭር መልእክትም ልክ አለው፤ በላቲን ፊደል 160፣ በግዕዝ ግን 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል። «ለቀበሌዎ ከውሃ መስመር፣ ከኮብልስቶንና ከመንገድ መብራት የቱ ይቅደም?» የሚለው ብቻውን፣ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ፣ 44 ይወስዳል። አማራጩና የመዝጊያ ቀኑ ሲጨመሩ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የሚሻለው አርሶ አደሩ የግብርና ምክር በሚያገኝበት በ8028 የለመደው ዓይነት ነጻ የድምፅ መስመር ነው፤ ደውሎ፣ ቋንቋ መርጦ፣ ቁጥር መጫን። ለባቲና ለከሚሴ ያለ አፋን ኦሮሞ አይታሰብም።

ሲም ካርድ ሰው አይደለም፤ አንዱ ሁለት ይይዛል፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ይጠቀማል። ስለዚህ ቆጠራው ለምክክር እንጂ ለውሳኔ አይበቃም።

በጀቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሚያዝያ በሁለት ቀበሌ፣ በ3 አማራጭ፣ ለ10 ቀን ይሞከር። በገበያ ቀን፣ ባቲ ላይ ሰኞ፣ ስልክ የሌለውን ሰው ምርጫ የሚመዘግብ ሠራተኛ ይቀመጥ። ውጤቱ፣ ያልተመረጠውም ከነምክንያቱ፣ በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ