አብሽር ላላችሁኝ ሁሉ

አልሐምዱሊላህ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱንም የምለው አባቴም እናቴም ቅር እንዳይላቸው ነው። የወሎ ቤት መቼስ እንዲህ ነው።

ተመረቅኩ! በሕግ። የመውጫ ፈተናውንም አለፍኩ። መሀል ላይ የሆነውን ደሴ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ የዓይኔን ነገር፣ ጦርነቱን፣ ኢንተርኔት የጠፋበትን ጊዜ። እሱን ልዘረዝር አልመጣሁም። ላመሰግን ነው።

ከሳጥኑ ልጅ ልጀምር። «ስሜን ከጠራህ እንጣላለን» ስላለኝ አልጠራውም። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል፤ ይኸው ይበቃል። ኢንተርኔት የጠፋ ሰሞን ሱቁ ሄጄ ሳማርር፣ «አብሽር፣ ኢንተርኔት ባይኖር እርስ በርስ መገናኘት ማን ከለከለን?» አለኝ። መዳፍ የምታክል ራስበሪ ፓይ ኮምፒውተር፣ አንድ አሮጌ ራውተርና ሃርድ ዲስክ አገጣጥሞ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ሳጥኑ የምንለው እሱን ነው። እኛ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ዶርም ሆነን ስልካችንን በዋይፋይ እናገናኛለን፣ ብሮውዘር እንከፍታለን፣ መጽሐፉ ይመጣል። ፓኬጅ የለ፣ ካርድ የለ። መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ይሠራል።

ይህ ቀላሉ ነበር። ከባዱ መጽሐፉን ለጆሮ ማዘጋጀት ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ለእኛ መጽሐፍ አይደለም፤ ፎቶ ነው። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ የሚያነበው ነገር አያገኝበትም። ነጋሪት ጋዜጣማ የባሰበት ነው። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ስለሆነ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ይደባለቃል። ግማሹ መስመር አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይመጣልሃል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሞጁል ደግሞ ለሚያይ ሰው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከጀርባው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ያገኛል፤ እሱኑ ይለፈልፍልሃል። ልጁ ይህን ሁሉ ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር ሁሉ ፊደሉን ወደሚያውቅበት አጻጻፍ፣ ቀየረው። ጋዜጣውን ገጽ በገጽ ለሁለት እየሰነጠቀ፣ ፎቶን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው ቴሰራክት በሚባል ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ አወጣው። ሱቁን ዘግቶ፣ ደንበኛ መልሶ። ክፍያ ስናነሳበት ደግሞ ወሬ ይቀይራል።

ከሁሉ የማልረሳለት የፍትሐ ብሔር ሕጉን ነው። የ1952ቱ ሕግ 3367 አንቀጽ አለው። እያንዳንዱን አንቀጽ ርዕስ አድርጎ አዘጋጀው። ላፕቶፕ ላይ ኤች የምትባለዋን ቁልፍ ስነካ ወደሚቀጥለው አንቀጽ እዘላለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? በፊት ሰው ሲያነብልኝ «እስቲ ድገምልኝ» እላለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ይሉኝታ ይይዝሃል፤ ሳይገባህ «ገባኝ» ትላለህ። አንባቢህ ሲደክመው ያንተም ጥናት ያበቃል። አሁን ግን ሌሊት፣ ዶርሙ ሁሉ ተኝቶ፣ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ የውርሱን ክፍል እስኪገባኝ እመላለስበታለሁ። ማንንም ሳልለምን። የማንንም ፊት ሳልገምት።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆሜ ነበር።

እማዬ፣ አንቺን በጽሑፍ አልችልሽም። ቤት ስመጣ እነግርሻለሁ። አባባ፣ ዱዓህ ደርሷል።

ኮምፒውተሩ ያወጣውን ጽሑፍ ከፎቶው ጋር እያስተያያችሁ «ሉ»ን ከ«ሊ» ስትለዩ የከረማችሁ የሕግና የኮምፒውተር ተማሪዎች በሙሉ፣ ክበሩልኝ። መምህራኖቼም፣ የዶርም ጓደኞቼም እንዲሁ። የቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቶች፣ ቡናው በፈላ ቁጥር ስሜን አንስታችሁ መርቃችሁኛልና እድሜ ይስጣችሁ።

የማመሰግናቸው የማያውቁኝ ሰዎችም አሉ። ላፕቶፔ ላይ የሚያነብልኝ ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም ነው። ማይክል ከራን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር ተቀላቀለው። በነጻ ነው የሚሰጡት። የሚሸጡት ፕሮግራሞች ለእኛ ኪስ የሚቀመሱ አይደሉም። ኢስፒክ በሚባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ግን ለመድነው፣ እንዲያውም አፋጥነን ነው የምንሰማው።

«መጽሐፍ ማባዛት ወንጀል አይደል ወይ?» ላላችሁን ደግሞ፣ አሁን የሕግ ሰው ነኝና በሕግ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማራካሽ ላይ የጸደቀው ስምምነት ዓይነ ስውራንና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የሚቸግራቸው ሰዎች በሚጠቀሙበት መልክ መጽሐፍ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። ለጥያቄው ግን አመሰግናለሁ፤ ለማጥናት ምክንያት ሆነኝ።

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ እየደወላችሁ ያበረታታችሁኝ፣ መንገድ ያሻገራችሁኝ፣ ታክሲ የከፈላችሁልኝ፣ ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ግማሻችሁን በድምፅ ብቻ ነው የማውቃችሁ። አፉ በሉኝ።

ሳጥኑን ከኋላዬ ላሉት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አስረክቤያለሁ። ሃርድ ዲስኩ እየሞላ ነው፤ ትርፍ ያለው ሰው ካለ አይጨክንብን። መምህራን፣ ሞጁል ስትሰጡ እባካችሁ ፎቶውን ሳይሆን የወርድ ፋይሉን ስጡን። ለክፍል ተጠሪው በፍላሽ ብታደርጉለት ሳጥኑ ላይ ይጭነዋል።