ፊልትሮው እምቢ ሲላችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የሞተሩን ዘይት ስለሚያጣራው ስለ ዘይት ፊልትሮ። ዘይትና ፊልትሮ ከእኛ ገዝታችሁ ቤታችሁ ራሳችሁ የምትቀይሩ ሰዎች እየበዛችሁ ነው። በዚህ ቅሬታ የለንም። የእጅ ዋጋ ይተርፋችኋል፣ መኪናችሁንም ታውቁታላችሁ። ችግሩ ሰኞ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት በራችንን ስንከፍት ወይ በገመድ ተጎትቶ የመጣ መኪና ቆሞ እናገኛለን፣ ወይ ደግሞ ስልኩ ይጮህና "ፊልትሮው አልፈታ አለኝ፣ ወጋሁት፣ ተቀደደ፣ አሁን ምን ላድርግ?" የሚል ድምፅ ይመጣል።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ፓርኪንግ ላይ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራውን ጀመረ። ዘይቱን በሰላም አወረደ። ፊልትሮው ግን ንቅንቅ አልል አለ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሰው መኪና ስር ከገባ ሦስት አማካሪ ከላይ ይቆማል። አንዱ በጨርቅ ያዘው አለ፣ አንዱ የሱሪውን ቀበቶ ፈቶ ሰጠ፣ ሦስተኛው ረጅም ካቻቢቴ ከነመዶሻው ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ወረደ። ወጉት፣ ጠመዘዙት፣ ቆርቆሮው እንደ ሰርዲን ጣሳ ተቀደደና ከላይ ያለው ወፍራሙ ክብ ብረት ሞተሩ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደወለልን። ስንደርስ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፣ አማካሪዎቹ አንድም የሉም።

ይህን የምንነግራችሁ ልንስቅበት አይደለም። ያንን ፊልትሮ ቀድሞ ያሰርነው እኛ ነን። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ጋራዣችን ውስጥ፣ የእኛ ልጅ፣ "እንዳያንጠባጥብ" ብሎ በቁልፍ ግጥም አድርጎ አጥብቆት ነበር። መዝገባችን ላይ አለ። ስለዚህ ከሰውየው ገንዘብ አልተቀበልንም፣ ይቅርታም ጠይቀናል።

ፊልትሮ የሚበላሸው የሚታሰር ቀን ነው። አፉ ላይ ክብ ጎማ አለ። ሲታሰር ጎማው የሞተሩን ልሙጥ ብረት ተጭኖ ዘይቱን ያግዳል። ዘይት ሳይቀባ በደረቁ ከታሰረ ግን መንሸራተቱን ትቶ ብረቱን ይነክሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት በቃሊቲ መንገድ ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ ይግላል፣ ቀን ቆሞ ይቀዘቅዛል፣ ማታ እንደገና ይግላል። በዚህ መሀል ጎማው እየደረቀ ብረቱ ላይ እንደ ማስቲሽ ይለጠፋል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ባሰ። በ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የነበረበት 12,000 ከገባማ ተዉት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ደብዳቤ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ዘይቱን ከማውረዳችሁ በፊት ፊልትሮውን ሞክሩት። ብዙ ሰው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱን ያወርዳል፣ ከዚያ ፊልትሮው እምቢ ሲለው መኪናው ባዶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ይቀራል። ከታች ሳህን አድርጋችሁ ትንሽ ላላ የሚል መሆኑን ብቻ እዩ። ከላላ መልሳችሁ በእጅ ጠበቅ አድርጉትና ዘይቱን አውርዱ። ካልላላ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ መኪናው ይነዳል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ እኛ ኑ። አለቀ። ጎታች የለ፣ ጭንቀት የለ።

ስትሞክሩ ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን። 5 ደቂቃ ያህል አስነስቶ ማጥፋት ይበቃል። ከረጅም መንገድ እንደገባችሁ አትንኩት፣ ዘይቱ ይልጣችኋል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር ደግሞ እንዳትገቡ፤ ካቫሌቶ፣ ማለትም የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዘው የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ሥራውን ተዉት። ድንጋይ መደርደር መፍትሔ አይደለም፣ በዚህ ላይ አንደራደርም።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ግን "አልፈታ አለ" ተብሎ ከሚመጣልን ውስጥ ሲያጠብቁት የዋሉት ጥቂት አይደለም። መኪና ስር በጀርባ ተኝቶ ግራና ቀኝ ይምታታል። ፊልትሮውን ከድፍኑ ጫፍ በኩል ፊት ለፊት እንደምታዩት አስቡና ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ አዙሩ። ካልተማመናችሁ ከኛ የገዛችሁትን አዲሱን ፊልትሮ በእጃችሁ ይዛችሁ ሲገባና ሲወጣ እንዴት እንደሚዞር ሞክሩ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው መንሸራተቱ ነው። ዘይት የነካውን ቆርቆሮ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ ሞተሩ ሞቅ ብሏልና ቤንዚን አታስጠጉ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ሸካራውን ፊት ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ጠቅልሉበትና በሁለት እጅ ያዙት። የአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭም ግሩም ነው። በዚህ ብቻ የሚፈታው ብዙ ነው። ዝገት ማላቀቂያ የሚነፋ ሰውም አለ፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ የያዘው ጎማው ነው እንጂ ፊልትሮው እየዞረ የሚታሰርበት ጥርሱ አይደለም፣ ጥርሱማ ዓመቱን ሙሉ ዘይት ውስጥ ነው የኖረው።

ካልሆነ የፊልትሮ ቁልፍ። በቀበቶ የሚያንቀው ዓይነት ከሆነ ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩት፤ እዚያ ጋ ቆርቆሮው ጠንካራ ነው፣ ጫፉ ላይ ከያዛችሁት ጭምድድ ይላል። ጫፉን የሚይዙት ሌሎቹ ናቸው፤ ሦስት እግር ያለውና እንደ ኩባያ የሚገጥመው። ኩባያው ልኩ መሆን አለበት፣ "ይጠጋዋል" አይሠራም።

ስለ ካቻቢቴው። አትውጉት ብንልም የሚወጋ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቢያንስ ይህን እወቁ፤ የፊልትሮው ቆርቆሮ ስስ ነው፣ የያዘውን ጎማ ከማላቀቁ በፊት ራሱ ይቀደዳል። ሥሩ መሀል ላይ ደግሞ ፊልትሮው የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ቱቦ አለ፣ እሱን ካጎደላችሁ ወጪው ሌላ ነው። ከተወጋ በኋላ ያንን መኪና "እስከ ጋራዡ ብቻ" ብላችሁ እንዳታስነሱት። ዘይቱን በግፊት ይተፋዋል፣ ሞተሩ ይደርቃል፣ ይነክሳል፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። ተቀዶ ከቀረ ቦታውን በንጹሕ ፌስታል ሸፍኑትና ደውሉልን። የቀረውን ክብ ብረት ጠርዙን በመሮ ቀስ እያልን እየመታን እናዞረዋለን። ያንን እናንተ ባትሞክሩት ይሻላል፤ መሮው ስቶ ጎማው የሚያርፍበትን ልሙጥ ብረት ከጫረው አዲሱም ፊልትሮ ያንጠባጥባል።

ከወጣላችሁ ወዲያው ገልብጣችሁ አፉን እዩ። አሮጌው ጎማ አብሮ ወጥቷል? አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሳያዩ አዲሱን ከላዩ ላይ ሲያስሩበት ሁለት ጎማ ይደራረብና ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ መሬት ላይ ይፈሳል። አስተሳሰሩ ቀላል ነው፤ የሞተሩን ፊት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ የአዲሱን ጎማ በጣታችሁ አዲስ ዘይት ቀቡት፣ በእጅ አዙሩት። ጎማው ብረቱን ሲነካ ከዚያ ወዲያ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል፣ በእጅ ብቻ። ካርቶኑ ላይ ሌላ ልክ ካለ እሱን ተከተሉ። ቁልፉን ለማጥበቅ እንዳታነሱት። እኛም ከዚያ እሁድ ወዲህ ልጆቻችንን ከልክለናል፤ አሁን የምናስረውን ፊልትሮ ሁሉ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር እንጽፍበታለን፣ ያሰረውም ልጅ ይፈርምበታል።

ከዚያ የማውረጃውን ቡሎን መዘጋቱን አይታችሁ፣ አዲሱን ዘይት ሞልታችሁ አስነሱት። የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ሞተሩን አጥፉት። ስሩን እዩ። አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ቆዩና ሊቬሎውን፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ለኩ። ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን እስከ ጠብታው መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩ አሮጌው ቪትስ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። የተረፈው ለመጨመሪያ ይሁናችሁ።

መኪናችሁ አዲስ ኮሮላ ከሆነ ምናልባት ከላይ ያልነው አይመለከታችሁም። ብዙዎቹ ውስጡ የወረቀት ፊልትሮ የሚገባበት ክዳን ነው ያላቸው። ክዳኑን በኩባያ ቁልፍ ብቻ ፍቱት፣ በሌላ ከያዛችሁት ፕላስቲክ ከሆነ ይሰነጠቃል። የማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) የሚለውን እናገኛለን። ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከሌላችሁ አምጡልን፣ ለደንበኛ በነፃ እናጠብቃለን።

የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። ክረምት ሲገባ ቦዩ አቃቂ ወንዝ ነው የሚያደርሰው፣ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። በጀሪካን አምጡልን፣ እንረከባችኋለን። ለአጥር አጠና ምስጥ መከላከያ የምትፈልጉትም ታገኛላችሁ፣ ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ ላለ አጥር ግን አንሰጥም።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የፊልትሮ ቁልፍ ለሁላችሁም እናውሳለን። ቅዳሜ እስከ 11 ሰዓት መጥታችሁ መታወቂያ አስይዛችሁ ውሰዱ፣ ኪራይ የለውም። የፊልትሮውን ልክ እንድንሰጣችሁ የመኪናውን ዓይነትና ዓመት ንገሩን። ሰኞ ጠዋት መልሱልን እባካችሁ፤ በየዓይነቱ ሁለት ሁለት ብቻ ነው ያለን፣ አንዱ ከባለፈው ወር ጀምሮ አንድ ሰው ቤት ነው። ማን እንደሆንክ ታውቃለህ ወንድማችን፣ መታወቂያህ መሳቢያችን ውስጥ ነው።

የጋራዡ ልጆች፣ ቱሉ ዲምቱ