ስለ ሚጡ፣ ለሂሩቴ

ይድረስ ለምወድሽ ሂሩቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። ሥራዬም ያው ነው፤ ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። እማማ ካረፉ ወዲህ ረጋ ብለን አላወራንም። እኔ ስነቃ አንቺ ተኝተሻል፣ አንቺ ስትነቂ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ታናሽ እህትሽ ስለ ድመትሽ ስለ ሚጡ ስለነገረችኝ ነው። አንገቷንና ጆሮዋ ሥር እስኪደማ ስታክ ትውላለች አለችኝ። ሆዷ ላይ ፀጉሯን ልሳ ልሳ ጨርሳዋለች፤ አንዳንዴም ያስመልሳታል አለች። አንቺም «እማማ የተዉልኝ እሷን ነበር» ብለሽ አልቅሰሻል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእኔም ድመት ዳማ ይኸው ነገር ደርሶባት ነበር። ዛሬ አንገቷ ላይ ፀጉሩ ተመልሶ በቅሏል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ታድራለች። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ከምግቡ በፊት ቁንጫውን ተመልከቺ። ድመትን ከምንም በላይ የሚያሳክካት የቁንጫ አለርጂ ነው። ለአንዳንዷ ጥቂት ንክሻ ይበቃታል፤ ስትላስ ቁንጫውን ስለምትውጠው ደግሞ ላታዪው ትችያለሽ። ፀጉሯን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥሪና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ይስጥሽ። ለውሻ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለበት፣ እሱ ድመትን ይገድላል። ለከብት የሚረጨውንም እንዳታስነኪያት፣ አደራ።

ቁንጫም፣ የጆሮ እከክም፣ ፈንገስም ከሌለ ወደ ምግቡ እንምጣ። እህትሽ «ለዓመታት የበላችው ሳንባ ነው፣ አሁን ምን ሊያደርጋት?» አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። አለርጂ ግን የሚመጣው ሰውነት ደጋግሞ በተዋወቀው ነገር ላይ ነው። በ2016 በፈረንጆቹ የወጣ አንድ ጥናት የምግብ አለርጂያቸው የተረጋገጠ 78 ድመቶችን መዝገብ ሰብስቦ አይቶ ነበር። የበሬ ሥጋ 18 በመቶውን፣ ዓሣ 17 በመቶውን፣ ዶሮ ደግሞ 5 በመቶውን አስቸግሯል። ስንዴና በቆሎ እያንዳንዳቸው 4 በመቶ ብቻ ናቸው። እዚህ ሱቅ ስትገቢ መደርደሪያው ሁሉ «እህል የሌለበት» በሚል ከረጢት ተሞልቷል። ውድ ነው፣ ውስጡ ግን ያው ዶሮና ዓሣ ነው። ሚጡን የሚያሳክካት የበሬው ሳንባ ከሆነ እንጀራውን ብትከለክያት ምንም አይለወጥም።

የደም ምርመራም አለ ይሉሻል። ለምግብ አለርጂ የደምም ሆነ የምራቅ ምርመራ አይታመንም፤ ጤነኛ ድመትንም አለርጂ አለባት ይላል። ገንዘብሽን ያዢ። እውነቱን የሚያወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሚጡ በሕይወቷ ቀምሳ የማታውቀውን አንድ ሥጋ መርጠሽ፣ ከእሱ በቀር ምንም ሳታቀምሺ 8 ሳምንት መቆየት። ከምግብ አለርጂ የሚድኑት ድመቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እስከዚያ ድረስ ለውጥ ያሳያሉ። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ልፋትን ሁሉ ያስቀራል።

8 ሳምንት ሲባል ረጅም ሊመስልሽ ይችላል። ግን አስቢው፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚጡም ከዚያ አንድ ቀን ብቻ ይበልጣል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ጾሙ ሳይገባ እንዲደርስሽ የፈለግሁት። በጾም ቤታችሁ ሥጋ አይሠራም። ከድስት የምትሰርቀው የለም፣ ልጆቹም ከማዕድ የሚወረውሩላት ቁራጭ አይኖርም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። እሷ ግን ጾም የለባትም፤ ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። በሽሮ ወጥ የተለወሰ እንጀራም ይቅርባት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅሎም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ጾም ነው ብለሽ የቱና ቆርቆሮም እንዳትከፍቺላት፣ ዓሣ ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ትብላ? እዚህ ዳማን የሚያክማት ሐኪም ሁለት ምርጫ ሰጥቶኝ ነበር። አንዱ ፕሮቲኑ በጣም ተሰባብሮ የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ሰውነቷ ሊያውቀው እስከማይችል ድረስ ያደቁታል። ሮያል ካኒንም ሂልስም ይሠሩታል፣ የሚሸጠው ግን በሐኪም ማዘዣ ነው። ሁለተኛው አዲስ ሥጋ ነው፤ ጥንቸል፣ ዳክዬ፣ አጋዘን። እኔ ጥንቸሉን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ዳማ ደረቅ ምግብ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ያንንም ከሐኪሙ ነው የወሰድኩት። ከተራ ሱቅ የሚገዛው፣ ከረጢቱ ላይ ጥንቸል ብቻ ቢልም፣ ውስጡ ያልተጻፈ ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ለአለርጂ ድመት ትንሿም ትበቃለች።

አንቺ ዘንድ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ፤ የተዘጋጀው ከተገኘ እሱ ይቀላል። ካልተገኘ ጥንቸል የሚያረባ ሰው ፈልጊ። ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅመም ቀቅለሽ አጥንቱን ለቅመሽ አውጪላት። ፍየል ወይም በግ ቀምሳ የማታውቅ ቢሆን እንኳ እነሱ ከበሬ ጋር ስለሚቀራረቡ ጥንቸሉ ይሻላል። ግን ሂሩቴ፣ ይህ ለሙከራው ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ሐኪም እያወቀ። ባዶ ሥጋ ካልሲየም የለውም። ሲቀቀል ደግሞ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከውኃው ጋር ይሄዳል። ታውሪን ያጣች ድመት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗም ይጠፋል። የልቡን ነገር በፈረንጆቹ 1987 ያወቁት ካሊፎርኒያ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው አምራቾቹ ምግቡ ውስጥ መጠኑን የጨመሩት። ዱቄቱ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሳገኝ እልክልሻለሁ፣ መጠኑን ሐኪሟ ይንገርሽ።

ምግቡን በአንድ ቀን እንዳትቀይሪባት። አዲሱን ከድሮው ጋር ትንሽ ትንሽ እየቀላቀልሽ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አሻግሪያት፤ 8 ሳምንቱ የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ከገባች በኋላ ነው። ጾሙም ያኔ እንዲጀምርላት ከአሁኑ መቀላቀል ጀምሪ። «ሲርባት ትበላለች» የሚሉሽን አትስሚ! ውሻ ይችል ይሆናል፣ ድመት አትችልም። ሁለት ሦስት ቀን ከምግብ ከራቀች ስቡ ወደ ጉበቷ ይሄድና ሊገድላት ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ሐኪም ጋ ደውዪ። ሞቅ አድርገሽ ስጫት፣ ሽታው ይስባታል።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው ነው። አባባ ወተት እንደሚያቀምሷት አውቃለሁ፤ በፍቅር ነው። ልጆቹም አያስችላቸውም። ሁሉንም ሰብስበሽ አስረጃቸው። አባባን «እሷን የሚያድናት የእርስዎ እጅ ነው» ብለሽ የጥንቸሉን ሥጋ እሳቸው እንዲሰጧት አድርጊ። ጎረቤቶቹንም ንገሪያቸው፣ ሚጡ በግንቡ ዘልላ ነው የምትሄደው። ብትችዪ ለእነዚህ ሳምንታት ከግቢ እንዳትወጣ አድርጊ።

መርፌም ይወጓት ይሆናል፣ የስቴሮይድ። እንዲህ ስትቆስል ማስታገሻ ያስፈልጋታል፣ አትከልክዪ። ግን መርፌው ብቻውን ማሳከኩን ስለሚያቆም ለውጡ ከምግቡ ይሁን ከመድኃኒቱ አይታወቅም። ደጋግሞ ሲሰጥም ስኳር በሽታ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ «ሙከራ ላይ ነን» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የሰፈሩ ሐኪም ግራ ከተጋባ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዚያ ውሰጃት።

«ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለድመት ይህን ሁሉ?» የሚልሽ አይጠፋም። ለእኔም ተብሏል። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ለሰውም ስታካፍዪ ነው የማውቅሽ። እማማ በታመሙ ጊዜ ሚጡ ከእግራቸው ሥር አልተነሳችም ነበር። እሷን ማሳከም ከማንም አፍ የሚቀማ ነገር የለበትም። ማንም እንዲያሳፍርሽ አልፈልግም።

ጾሙ ሲያልቅ ማሳከኩ ቀንሶ ከሆነ አንድ ነገር ይቀርሻል፤ የምትፈሪውም እሱን ይሆናል። ለፋሲካ ከዚያው ከድሮው ሳንባ ትንሽ መልሰሽ ስጫትና እስከ ሁለት ሳምንት አስተውዪ። ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ማከክ ይጀምራሉ። ከጀመረች ወዲያው አቁሚና ወደ ጥንቸሉ መልሻት፤ ጠላቷን አወቅሽ ማለት ነው። ካልጀመረች ሳንባው ንጹሕ ነው፤ ቀጥሎ ዓሣውን፣ ከዚያ ዶሮውን፣ አንድ በአንድ። ዳማን የሚያሳክካት ዶሮ መሆኑን ያወቅሁት እንዲህ ነው። አሁን ከዶሮ በቀር ሁሉን ትበላለች።

ከዛሬ ጀምሮ የምትበላውንና የምታክበትን ቀን በደብተር ጻፊው፣ ሐኪሟ ሲጠይቅሽ በቃል አይያዝም። የአንገቷንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እሑድ ሥራ የለኝም። በእናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ስልኩን አጠገብሽ አድርጊው። አባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

እህትሽ፣
ትዕግሥት