ለአባዬ፣ ከማክሰኞ በፊት

አዲስ አበባ፣ ልደታ
መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው? የእግርህ መደንዘዝ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ትናንት ማታ እንኳ ደውዬልሃለሁ። ግን ስልክ ላይ አንተን ማናገር ይከብደኛል። «ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትልና ካርድ እንዳይቆጥርብኝ ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ ግን እንዲህ አታደርግም። መነጽርህን አድርገህ ሁለት ጊዜ ታነባለህ። ከዚያ አጣጥፈህ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ ትከታለህ። እማዬ ነፍሷን ይማርና «አባትሽን የምታናግሪው በጽሑፍ ነው» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ የልጆቹን ልንገርህ። የሶልያና የፊት ጥርሶች ሁለቱም ወልቀዋል። ጣሪያ ላይ ወርውሪው ስላልካት ጥርሶቿን በሶፍት ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለች። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ የሚወረወርበት ጣሪያ የለም። «አያቴ ሲመጣ የቆርቆሮ ቤት ፈልገን እንወረውራለን» ትላለች። የካዛንቺሱ ቤት ቢኖር ኖሮ እዚያ ትወረውረው ነበር። ለሷ ይህን አላልኳትም።

ናሆም ደግሞ በጥቅምት ወር 16 ዓመት ሞልቶታል፣ ታውቃለህ። ቁመቱ አባቱን አልፏል። ድምፁ ጎርንኗል። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን ፈልጌ የምሰጠው ግን አሁንም እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ሌሊት ተነስቼ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ልክ እንደ ሕፃንነቱ። ብዙ ቆሜ አየሁት።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ።

ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ትልቅ ማግኔት ነው አባዬ። የምርመራ ማዕከሉ ሰውዬ ቀጠሮ ስንይዝ ስለ ብረት የጠየቀን ለዚህ ነበር። ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያግለው ይችላል። እንደ ብረቱ ዓይነትና እንዳለበት ቦታ ነው። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «በጥይት ወይም በፍንጣሪ ቆስለው ያውቃሉ? በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» እኔ ቀና ብዬ አየሁህ። አንተ ራስህን ነቀነቅክ። እኔም በገዛ እጄ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ስሜንም ፈረምኩበት።

ይህ የሆነው የካቲት 23 ነው። በሦስተኛው ቀን ካራማራ፣ የሶማሊያው ጦርነት የድል ቀን፣ ደረሰ።

እንደ ልማዳችሁ ትግላችን ሐውልት ደጃፍ አደረስኩህ። ጋሽ በዛብህና ጋሽ ቱሉ ቀድመውህ ቆመዋል፣ ሦስታችሁም ኮት ለብሳችኋል። የኩባ ወታደሮቹን ፎቶ ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ስታዩ ከመኪናው ሆኜ አየኋችሁ። ከዚያ ወረድ ብላችሁ ካፌ ገባችሁ። ሌላ ጊዜ አድርሼህ እሄድ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ስለነበር አብሬያችሁ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ቱሉ ገና ከመቀመጣቸው አስተናጋጇን «ኮቾሮ አለ?» አሏት። ልጅቷ ግራ ገባት። እናንተ እንባ እስኪወጣችሁ ሳቃችሁ። አባዬ፣ እንዲህ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። በልጅነቴም አላየሁም።

ከዚያ የታጠቅ ጦር ማሠልጠኛን ወሬ ጀመራችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታጠቅ። ኮቾሮውን፣ ያን የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ ይሰብር እንደነበር ሰማሁ። አንተ እስከ ዛሬ ደረቅ ዳቦ አስጥለኸን አታውቅም፣ ሻይ ውስጥ ነክረህ ትበላዋለህ። እኛ ቁጠባ ይመስለን ነበር። ጠመንጃ እስኪመጣ በዱላ እንደሠለጠናችሁ፣ ዱላውን የጣለ ሰው ጭቃ ላይ በደረቱ ይሳብ እንደነበር። ከስክስ ጫማ በእግራችሁ ስታደርጉ የመጀመሪያችሁ ስለነበር ተረከዛችሁ ተልጦ፣ አሠልጣኙ ዞር ሲል አውልቃችሁ ማሰሪያውን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ በባዶ እግር እንደሄዳችሁ። አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ግራ ቀኝ ሲሉ አማርኛ የማይሰማው ግማሹ ሰልፈኛ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ዞሮ ግንባር ለግንባር እንደተጋጨ። ሃምሳ አለቃው በማግስቱ በኦሮምኛ «ቢታ! ሚርጋ!» እያሉ እንደመጡ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ከደብረ ብርሃን በኩል የመጣችሁት እንደተጋጫችሁ። ጋሽ ቱሉ ያኔ ነው ባንተ ቀኝ በኩል መቆም የጀመሩት። ሲዞሩ ክንድህን ነካ ያደርጉህ ነበር። አሁንም ስትቀመጡ በቀኝህ ነው የሚቀመጡት፣ ልብ ብዬ አየሁ።

በሳቁ መሀል ሌላም ሰማሁ። ገበሬ ማኅበሩ «ለስብሰባ ነው» ብሎ እንደጠራችሁ። አያቴ ለአንድ ቀን የሚሆን ቆሎ ቋጥራልህ እንደነበር። ኤንትሬ መኪና ላይ እንዳሳፈሯችሁና ታጠቅ ስትደርሱ ጨለማና ዝናብ እንደነበር። መዝጋቢው «ስንት ዓመትህ ነው?» ሲልህ «16» ማለትህን፣ እሱም ቀና ሳይል «18 በል፣ ቀጥል» ማለቱን። ጋሽ በዛብህ ይህን ሲያወሩ የመዝጋቢውን ድምፅ እያስመሰሉ ነበር። አንተም ስቀሃል። እኔ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 1969 ነው። ዘንድሮ 49 ዓመት ሊሞላው ነው። ናሆም ሲተኛ ቆሜ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ወሬያችሁ ከታጠቅ አያልፍም። ሰኔ ላይ አብዮት አደባባይ የተሰለፋችሁበት ድረስ ይሄዳል። አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኸው ያን ቀን እንደሆነ፣ «ወደ ቀኝ ተመልከት» ሲባል አንተ ፎቅ እየቆጠርክ ወደ ግራ ማየትህን ነገርከን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚጭናችሁ መኪና ሲመጣ ወሬው ያልቅና ሌላ ቡና ይታዘዛል። አንድ ድንኳን ውስጥ 12 ነበራችሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የ11 ሰው ስም ሰማሁ። ማን ሲያንኮራፋ እንደነበር፣ ማን ስንቅ ይደብቅ እንደነበር፣ ማን ሌሊት እናቱን ይጠራ እንደነበር። አሥራ ሁለተኛው ሊነሳ ሲል ጋሽ በዛብህ ስኒያቸውን ገልብጠው አስቀመጡ። አንተም ስለ ታክሲ ታሪፍ ማውራት ጀመርክ። ከ12ቱ ካፌው ውስጥ የነበራችሁት ሦስት ናችሁ። ስለ ቀሩት አልጠየቅኩም።

ልንነሳ ስንል ነው ጋሽ በዛብህ ጭንህን መታ አድርገው «ያቺ የጅጅጋዋ ብረት እንዴት ናት? በክረምት ታማሃለች አሁንም?» ያሉህ። አንተ «ቡናህን ጠጣ» አልካቸው። ቡናው አልቆ ነበር።

መኪና ውስጥ ጠየቅኩህ። «የድሮ ነገር ነው» አልከኝ። ከዚያ እስከ ቤትህ፣ እስከ ገላን ጉራ ዝም። ያ ጠባሳ በቅሎ የረገጠችህ ነበር፣ አባዬ። ለኔም ለወንድሜም እንዲያ ነው የነገርከን። ወንድሜ እስከ አሥር ዓመቱ ድረስ በቅሎ ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር።

ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ። በየቀኑ ልደውልልህና ልነግርህ ብዬ ስለ ሶልያና ጥርስ አውርቼ እዘጋለሁ።

የምለው ይህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። ሌላ አለ። ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ።

ሶደሬን ታስታውሳለህ? ኅዳር 1993። እኔም 16 ነበርኩ። የትምህርት ቤት ሽርሽር። ከስንት ሳምንት በፊት ጀምሬ ሳንቲም አጠራቅሜያለሁ። እማዬ ፈቃዱን ፈርማ፣ ሌሊት ተነስታ ድፎ ጋግራልኛለች። አውቶቡሱ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ እየዘፈንን ነበር። አንተ በመጋዘን ካፖርትህ ወደ ላይ ወጣህ። አስተማሪያችን «ምነው ጋሼ?» አለ። አልመለስክለትም። በመተላለፊያው መጥተህ አጠገቤ ቆምክና «ውረጂ» አልከኝ። ሌላ ቃል የለም። ዘፈኑ ቆመ። ድፎውን ታቅፌ ወረድኩ።

እስከ ካዛንቺስ ከኋላህ በእግሬ ሄድኩ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ሚሪንዳ ከፈትክልኝ። አልጠጣም አልኩ። ጠርሙሱ ባንኮው ላይ እንደቆመ ቀረ። አንተም አልጠጣኸውም። ባለሱቁ አንዴ እኔን አንዴ አንተን ያይ ነበር። ቤት ስንገባ እማዬ ጮኸችብህ። ለሷም አልመለስክም። እኔ እስከ ክረምት አላናገርኩህም። ከዚያም በኋላ ያናገርኩህ በደንብ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ራቅ ያለውን የመረጥኩት ለምን ይመስልሃል?

25 ዓመት ሙሉ ጨካኝ ነው ብዬ ይዤሃለሁ። ለባለቤቴ እንዲያ ነው የነገርኩት። ካፌው ውስጥ ያን የኤንትሬውን ወሬ ስሰማ ግን እጄ ቀዘቀዘ። ኅዳር 1993 ከኤርትራ ጋር የተደረገው የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ገና አልተፈረመም። ከባድመው ጦርነት ያልተመለሱ የሰፈር ልጆች ነበሩ። 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች መኪና ላይ ተጭነው እየዘፈኑ ሲሄዱ አንተ ምን ታየህ? እኔ ራሴ ያገናኘሁት ሊሆን ይችላል። ከተሳሳትኩ ተሳስተሻል በለኝ። ምናልባት ውሃው ላይ እንዳልሰጥም ፈርተህ ብቻ ይሆናል።

ልክ ከሆንኩም ግን፣ አባዬ፣ ንዴቴ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። መንገር ትችል ነበር። ባዕድ አልነበርንም፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው የኖርነው። «በቅሎ ረገጠችኝ» ከምትለን «ልጅ ሆኜ ወሰዱኝ» ብትለን ምን ነበረበት? አሥር ዓመት ቢሞላን፣ አሥራ አምስት ቢሞላን። ለጋሽ ቱሉ ሁለት ሰዓት የሚበቃ ወሬ አለህ። ለኔ «ውረጂ» ብቻ ነበር ያለህ።

ይህን ስጽፍ ደግሞ ታሳዝነኛለህ። ያን ቆሎ አስባለሁ። የአንድ ቀን ቆሎ። ስንት ቀን አብቃቃኸው?

አሳድገህ አስተምረኸኛል፣ ለሊት ተረኛ ሆነህ የኔን ደብተር ገዝተሃል። አልረሳሁም። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፣ ታውቀዋለህ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ማክሰኞ ማሽኑ ክፍል ከመግባትህ በፊት ለሐኪሙ ንገረው። አንተ ካላልክ እኔ እላለሁ፣ ቅጹን ያበላሸሁት እኔ ነኝና። ትናንት ለማዕከሉ ደውዬ ብረት ያለበት ሰው እንዴት እንደሚደረግ ጠይቄያለሁ፣ ስምህን አልጠራሁም። መጀመሪያ ራጅ ያነሱና ብረቱ የት እንዳለ ያያሉ። ማግኔቱ የማይሆን ከሆነ በሲቲ ስካን ይሞክራሉ፣ ሐኪሙ ነው የሚወስነው። ብዙ ጥያቄ አይጠይቁህም። መቼ፣ የት፣ በምን። «1970፣ ጅጅጋ፣ ፍንጣሪ» ካልክ ይበቃቸዋል። የቀረውን ለነሱ አትነግርም። ለኔም ካልፈለግክ አትንገረኝ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ብትነግረኝ ግን ደስ ይለኛል።

የድሮ የሕክምና ወረቀት ካለህ ይዘህ ና። እማዬ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሰነድ ታስቀምጥ ነበር፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ሣጥኑን አንተ ነህ የያዝከው። እሱ ውስጥ እይ። የደም ግፊት መድኃኒትህንም እንዳትረሳ። የሰኞውን አታቋርጥ፣ ቀጠሮ አለኝ ብለህ አትተወው።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወስድሃለሁ። አውቶቡስ ጠብቄ እመጣለሁ አትበል፣ ከገላን ጉራ ልደታ ድረስ ቆመህ ከመጣህ ወገብህ ማክሰኞን አይደርስም። እኛ ጋ ታድራለህ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ይኖራል፣ ዳቦም ገዝቻለሁ። ናሆም አልጋውን ለቆልሃል፣ እሱ ሶፋው ላይ ይተኛል። ሌሊት ብትነቃ መብራቱን አብራ፣ እሱ በመብራት አይነቃም።

ብርድ ነውና ካልሲ ደርብ።

ልጅህ