ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁጥሩን ሳታነቢ ብር እንዳትሰጪ

ለምወድሽ ልጄ፣

ልትገዢው ያሰብሽውን አሮጌ ኤምጂቢ መኪና ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ቀይነቱ እኔንም አማሎኛል፣ አልዋሽሽም። እናትሽ «ጣሪያ የሌለው መኪና ምን ሊሠራላት ነው?» እያለች ነው፤ እሷን ለኔ ተያት። እኔ ቀለሙን ትቼ፣ በፊት መስታወቱ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የምትታየውን፣ የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ላሜራ አጉልቼ ሳነብ አመሸሁ።

ጂ-ኤች-ኤን-5-ዩ-ቢ ይላል፤ ከዚያ ተራ ቁጥሩ ይከተላል። ጂ ኤምጂ ማለት ነው፣ የእንግሊዙ መኪና ሠሪ። ኤች የሞተሩን ምድብ ይነግርሻል፣ ከ1400 እስከ 1999 ሲሲ ያለውን፤ የኤምጂቢ ሞተር 1798 ሲሲ ነው። ኤን ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና ነው፤ የብረት ጣሪያ ያለው ጂቲ ቢሆን ኖሮ በኤን ፈንታ ዲ ታነቢ ነበር። ቁጥሩ የመኪናው ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመሩት 3 ነበራቸው፣ ከዚያ 4 መጣ፣ ያንቺው 5 ነው። ዩ ለአሜሪካ ገበያ፣ ቢ ደግሞ የ1971 ሞዴል። ስለዚህ ሻጩ ዓመቱን አልዋሸሽም። 17 ፊደልና ቁጥር አጣሁ ብለሽም አትደንግጪ፤ እሱ ከ1981 ሞዴል ወዲህ የመጣ ሕግ ነው፣ ኤምጂቢ ይሠራበት የነበረው የአቢንግደን ፋብሪካ ደግሞ በ1980 ተዘግቷል።

ያልጣመኝ ሞተሩ ነው። ኮፈኑን ከፍተሽ ባነሳሽው ፎቶ ላይ፣ ከሞኖብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) በቀኝ በኩል፣ በዘይትና በአቧራ የተለበጠች ሌላ ላሜራ አለች። የሚነበበው መጀመሪያው ብቻ ነው፦ 18ቪ። (ቪ ስላየሽ ቪ8፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ እንዳይመስልሽ፣ ያው አራት ሲሊንደር ነው።) ለአሜሪካ የተሠራ የ1971 ኤምጂቢ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው 18ጂኬ በሚል ሞተር ነበር። 18ቪ የመጣው ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ነው። «ሞተሩ አልተነካም፣ ከነፋብሪካው ነው» ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እንደማታውቂ ገምቷል።

የኔን ቮልስ ታሪክ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አዲስ አበባ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ባጠራቀምኩት ብር አንድ ቮልስ ገዛሁ። ስም ላዞር ስሄድ ሊብሬው ላይ ያለው ሞተር ቁጥርና መኪናው ላይ ያለው አልገጠመም። ሻጩ ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግብ ነበር የሸጠልኝ። አራት ወር በራችን ላይ ቆመ፤ ዶሮዎቹ ከሥሩ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። አባቴ በወጣ በገባ ቁጥር ጎማውን በከዘራው መታ እያደረገ ያልፋል፣ አንድም ቃል ሳይናገር።

እዚህ አሜሪካ እንደዚያ አያስቸግርሽም፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሞተር ቁጥር የለም። ግን የሻንሲ ቁጥሩ፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ የግራ በሩን ስትከፍቺ ምሶሶው ላይ ያለውና ታይትሉ ላይ የተጻፈው አንድም ሳይዛነፍ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ጥለሽ ነይ፤ ሰበብም አትስሚ። ላሜራው የተመታበትን ሪቬትም እዪው፣ የተቦጫጨረ ወይም አዲስ ከሆነ ጠይቂ።

የሞተሩ ነገር የዋጋ ጉዳይ ነው። የተቀየረ ሞተር መጥፎ ሞተር አይደለም፣ እንዲያውም ለመንዳት ከሆነ ግድም የለኝ። ነገር ግን «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የተጨመረው ብር መውረድ አለበት። ቅዳሜ ስትሄጂ ጨርቅና ትንሽ ቤንዚን ያዢ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ላሜራዋን በቀስታ ጥረጊያት፤ ስስ ናትና ሽቦ ብሩሽ እንዳታስነኪያት። ከ18ቪ ቀጥሎ 584 ካለ የ1972 ሞተር ነው፣ ብዙም አልራቀም። 883 ካለ ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ መኪና የወጣ፣ ጉልበቱ የተቀነሰ ነው፤ ያኔ ዋጋውን እኔው ልነጋገርልሽ።

ቁጥሩ እንደተነበበ በቪዲዮ ደውዪልኝ። ሰውየው አጠገብሽ ካለ በአማርኛ እናወራለን።

አባትሽ